ሳትጠሩት የሚከፈት መስኮት፦ ብሮውዘር ፖፕ አፕንና ታብን እንዴት ማስተናገድ አለበት?

ቅዳሜ ማታ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በነፃ የሚያሳይ ድረ ገጽ ፍለጋ የገባ ሰው ይህን ያውቀዋል። መሃል ላይ ያለችውን የ"ፕሌይ" ምልክት ይነካል፤ በጨዋታው ፋንታ የውርርድ ማስታወቂያ በአዲስ ታብ ይከፈታል። ዘግቶ ይመለስና ደግሞ ይነካል፤ አሁን "ስልክዎ በቫይረስ ተጠቅቷል" የሚል ቀይ ገጽ ይመጣል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጨዋታው ይጀምራል፣ ያውም ከጀመረ። ያኔ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ክሮም (የጉግል ብሮውዘር) ፖፕ አፕ፣ ማለትም ሳይጠሩት የሚከፈት መስኮት፣ ይከለክላል አይደል እንዴ? ታዲያ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?

ይከለክላል፤ የሚከለክለው ግን ማስታወቂያን አይደለም። የፖፕ አፕ መከላከያው አዲሱ መስኮት የባንክ መክፈያ ይሁን የቁማር ማስታወቂያ አይለይም፤ መስኮቱ ከመከፈቱ በፊት ይዘቱ ገና ስላልመጣ ሊለይም አይችልም። የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰው አሁን በቅርቡ ገጹን ነክቷል ወይስ አልነካም? ከነካ ይፈቅዳል፣ ካልነካ ይከለክላል። የ"ፕሌይ" ምልክቷ ላይ ያረፈው ጣት ደግሞ እውነተኛ ጣት ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሰው ያልጠየቀው መስኮት መከፈት የለበትም፤ የጠየቀውም ቢሆን የት ይከፈት የሚለውን መወሰን ያለበት ሰውየው እንጂ ድረ ገጹ አይደለም። ብሮውዘሮች የመጀመሪያውን ባለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ከሞላ ጎደል አሳክተዋል። በሁለተኛው ላይ ገና ብዙ ይቀራቸዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ሲጀመር

ጃቫስክሪፕት የሚባለው የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ በ1996 መጀመሪያ ከወጣው ኔትስኬፕ 2 ከተባለው ብሮውዘር ጋር ሲመጣ "ዊንዶው ዶት ኦፕን" የምትባል ትእዛዝ ይዞ መጣ። ሥራዋ ግልጽ ነው፤ ገጹ በፈለገ ጊዜ ሌላ መስኮት ትከፍትለታለች። በዘመኑ ይህ የሚያስገርም አልነበረም። የኮምፒውተር ፕሮግራም ሁሉ መስኮት ይከፍታል፤ ድረ ገጽስ የእገዛ ጽሑፍ ወይም የቀን መምረጫ ሰሌዳ በትንሽ መስኮት ቢያወጣ ማን ይከፋዋል? ስለዚህ ቅድመ ሁኔታ አልተቀመጠላትም። ገጹ ሲከፈትም ሲዘጋም፣ ደቂቃ ቆጥሮም ቢሆን፣ የፈለገውን ያህል መስኮት መክፈት ይችል ነበር።

ማስታወቂያ በዚህ መንገድ መምጣት ሲጀምር ኮዱን የጻፈው ሰው ይታወቃል። ኢታን ዙከርማን በ1990ዎቹ ትራይፖድ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ትራይፖድ ሰዎች የራሳቸውን ገጽ በነፃ የሚሠሩበት የአሜሪካ ድረ ገጽ ነው። አንድ ትልቅ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው ልቅ የወሲብ ይዘት ካለው የአንድ ተጠቃሚ ገጽ ላይ ተለጥፎ ያገኘውና ይደነግጣል። እነ ዙከርማን ያመጡት መፍትሔ ማስታወቂያውን ከገጹ አውጥቶ በራሱ መስኮት ማሳየት ሆነ፤ ኩባንያው ከገጹ ይዘት ጋር አብሮ እንዳይታይ። ዙከርማን በ2014 ይህንኑ በይፋ ተናግሮ ይቅርታ ጠይቋል። ሐሳባችን ክፉ አልነበረም ማለቱን እኔ አምነዋለሁ፤ ለአንድ ደንበኛ ቅሬታ በችኮላ የተሠራ መላ መላው ዓለም ላይ ሲዛመት ያየነው በዚህ ብቻ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኢንተርኔት ካፌ የተቀመጠ ያስታውሰዋል። አንዱን ስትዘጉት ሁለት ይወልዳል። በ2001 ገደማ ኤክስ ቴን የሚባል የትንንሽ ካሜራ ሻጭ ማስታወቂያውን ከምትጠቀሙበት መስኮት ሥር እየደበቀ ይከፍት ነበር፤ የምታገኙት ሁሉንም ዘጋግታችሁ ልትነሱ ስትሉ ነው፣ ከየትኛው ገጽ እንደመጣም አታውቁም። አንዳንዱ መስኮት የአድራሻ ሳጥኑን ደብቆ የዊንዶውስ የስህተት መልእክት መስሎ ይቀርባል። ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ ተከፍቶ ጨርሶ የማይታይም ነበር። በደቂቃ ሒሳብ እየከፈለ በስልክ መስመር ኢንተርኔት ለሚጠቀም የአዲስ አበባ የካፌ ደንበኛ ያ ሁሉ ከኪሱ የሚወጣ ነበር።

ኦፔራ የተባለው ብሮውዘር ቀድሞ መከልከል ጀመረ። ሞዚላ በ2002፣ የአፕል ሳፋሪ በ2003 ተከተሉት። ነገሩን የቆረጠው ግን ማይክሮሶፍት በኦገስት 2004 ሰርቪስ ፓክ 2 ከተባለው የዊንዶውስ ኤክስፒ ማሻሻያ ጋር መከላከያውን የራሱ ብሮውዘር በሆነው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ውስጥ ሲያስገባ ነው፤ ያኔ አብዛኛው የዓለም ተጠቃሚ የሚጠቀመው በእሱ ነበርና።

አንድ ንክኪ፣ አንድ መስኮት

ዛሬ ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች የሚመሩበት ደንብ እንዲህ ነው። ሰው ገጹን ጠቅ ሲያደርግ፣ በጣቱ ሲነካ ወይም የኪቦርድ ቁልፍ ሲጫን ገጹ ለአጭር ጊዜ የምትቆይ ፈቃድ ያገኛል። በክሮምና በፋየርፎክስ የፈቃዷ ዕድሜ 5 ሴኮንድ ያህል ነው፤ ሳፋሪ ይበልጥ ጥብቅ ነው። በዚህች ፈቃድ አንድ መስኮት መክፈት ይቻላል። ከተከፈተ ፈቃዷ አለቀች፤ ሁለተኛ ለመክፈት ሌላ ንክኪ መጠበቅ ግድ ነው። ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች ማንሸራተት ወይም ማውዙን በላዩ ማሳለፍ አይቆጠርም። "ኤስኬፕ" የሚለው ቁልፍም አይቆጠርም፤ ሰው እሱን የሚጫነው አንድ ነገር ሲያስጨንቀው ለመውጣት ነው፣ ለመውጣት የተጫነውን ለሌላ መስኮት መክፈቻ ማድረግ ደግሞ ግፍ ነው።

እዚህ ላይ ብሮውዘሩ እንደ ግቢ ዘበኛ ነው። ጌታው ደውለው "ሰው ይመጣል፣ አስገባ" ብለውታል፤ ስሙን ግን አልነገሩትም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ መጥቶ ያንኳኳውን የመጀመሪያ ሰው ያስገባል። ሁለተኛ ሰው ቢመጣ ይመልሳል፣ የመጀመሪያውም ቢዘገይ ይመልሳል። ዘበኛው ጥፋት የለበትም፤ የተሰጠው መመሪያ ያ ብቻ ነው።

የደንቡን ጥቅምም ጉዳትም በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ክፍያ ነው። አንድ የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጥ ድረ ገጽ እናስብ። ደንበኛው "ክፈል" የሚለውን ይነካል። ኮዱ መጀመሪያ ወደ ሰርቨሩ (የድረ ገጹ ዋና ኮምፒውተር) ሄዶ የትእዛዝ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ሲመጣ የክፍያ ድርጅቱን ገጽ በአዲስ መስኮት ይከፍታል። ፕሮግራመሩ ቦሌ ቢሮው ውስጥ በዋይፋይ ሲሞክረው መልሱ በግማሽ ሴኮንድ ይመጣል፣ መስኮቱም ይከፈታል። ደብረ ታቦር ላይ ኔትወርኩ በደከመ ሰዓት ግን መልሱ 7 ሴኮንድ ፈጀ። ፈቃዷ በአምስተኛው ሴኮንድ ሞታለች። ብሮውዘሩ በሰባተኛው ላይ የሚያየው ማንም ሳይነካ ሊከፈት የሚሞክር መስኮት ነው፤ ያግደዋል። ደንበኛው ስልኩ ላይ ትንሽ ማስታወሻ ብቅ ብላ ብትጠፋም ልብ አይላትም። ምንም አልሆነም ብሎ ደጋግሞ ይነካል፤ ሰርቨሩ ላይ ሦስት ትእዛዝ ተመዝግቧል፣ አንዱም አልተከፈለም። ለድርጅቱ ሲደወል ፕሮግራመሩ "እኔ ጋ ይሠራል" ይላል፣ አልዋሸምም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ጣቱ እንዳረፈ፣ ሰርቨሩ ሳይጠየቅ፣ ባዶ መስኮት ከፍቶ መጠበቅና ቁጥሩ ሲመጣ ያንን መስኮት ወደ ክፍያ ገጹ መምራት ነው። ሁለተኛው መስኮቱን ጨርሶ መተው ነው፤ ያው ታብ ራሱ ወደ ክፍያው ገጽ ይሂድና ሲያልቅ ወደ ትኬቱ ይመለስ። ለስልክ ሁለተኛው እጅግ ይሻላል፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እመጣበታለሁ።

ከብሮውዘሩ በኩል የሚጎድለው ደግሞ ማገዱን በግልጽ መናገር ነው። ዴስክቶፕ ላይ ክሮም በአድራሻ ሳጥኑ ቀኝ ጫፍ ትንሽ ምልክት ያወጣል፣ ፋየርፎክስ ከላይ በኩል መስመር ይዘረጋል፤ ከዚያ የታገደውን አንዱን ብቻ ከፍቶ ማየት ይቻላል። ስልክ ላይ ግን ክሮም የሚያቀርበው ምርጫ ያንን ድረ ገጽ ለዘለቄታው መፍቀድ ነው። አንድ ጊዜ ለመክፈል የፈለገን ሰው ለዘላለም በርህን ክፈት ማለት አይገባም። "ይህን አንዱን ክፈት" የሚል ምርጫ ለመጨመር የሚከለክል የቴክኒክ ችግር የለም።

የእናንተን ጣት የሚሰርቁ

ወደ ኳሱ ገጽ እንመለስ። እዚያ የ"ፕሌይ" ምልክት የመሰላችሁ ነገር ላይ፣ ገጹን በሙሉ የሸፈነ፣ እንደ መስተዋት የማይታይ ሌላ ንብርብር አለ። የነካችሁት እሱን ነው። ንክኪው ፈቃድ ይሰጠዋል፣ በፈቃዱ ማስታወቂያውን ይከፍታል። አንዳንዱ ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ይሠራዋል፤ የፈለጋችሁትን ገጽ በአዲስ ታብ በትክክል ይከፍትላችሁና እናንተ ወደዚያ ስትዞሩ አሮጌውን ታብ በጀርባ ወደ ማስታወቂያ ይቀይረዋል። ስትመለሱ የነበራችሁበት ገጽ የለም። ሌላው ብልሃት የ"ተመለስ" ቁልፍን ማበላሸት ነው። ገጹ ሳታውቁት የጉብኝት ታሪካችሁ ውስጥ ተደራራቢ ገጾችን ይጨምራል፤ ወደ ኋላ ብትሉ ብትሉ እዚያው ናችሁ። ለዚህኛው ክሮም ጥሩ መላ አግኝቷል፤ ሰው ገጹን ሳይነካ ታሪኩ ውስጥ የተጨመረውን "ተመለስ" ሲጫን ይዘለዋል።

ለማይታየው ንብርብር ግን "ነክቷል ወይስ አልነካም" የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ስለዚህ ጉግል ከ2018 ጀምሮ ሌላ መንገድ ጨምሯል፤ ይህን ማታለል በተደጋጋሚ የሚጠቀሙ ድረ ገጾችን ለይቶ፣ በእነሱ ላይ ክሮም የተነካም ሆነ ያልተነካ አዲስ መስኮት እንዳይከፍት ማድረግ። ይህ እስከተመዘገቡት ድረስ ይሠራል። የኳስ ገጾቹ ግን በየሳምንቱ ስማቸውን ስለሚቀያይሩ ከመዝገቡ ይቀድማሉ። በተግባር የሚረዳው የማስታወቂያ ማገጃ ተጨማሪ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ጣትን ሳይሆን የማስታወቂያ አቅራቢዎቹን አድራሻ በዝርዝር ይዞ ነው የሚያግደው። በአንድሮይድ ክሮም ላይ መጫን አይቻልም፣ በአንድሮይድ ፋየርፎክስ ላይ ግን ይቻላል። ለምን ክሮም ላይ እንደማይቻል እዚህ አልገባበትም፤ ጉግል የሚተዳደረው በምን እንደሆነ የሚያውቅ መገመት አያቅተውም።

ያ "ቫይረስ ተገኝቷል" የሚለው ቀይ ገጽስ? ገጽ ብቻ ነው። ድረ ገጽ ስልካችሁን መመርመር አይችልም፤ ስለዚህ ስንት ቫይረስ እንዳለበት ሊነግራችሁም አይችልም። ታቡን ዝጉት፣ በቃ። ድሮ እንዲህ ያለ ገጽ "እሺ" የሚል ሳጥን ደጋግሞ እያወጣ ብሮውዘሩን በሙሉ ይቆልፈው ነበር። አሁን ብሮውዘሮቹ ሳጥኑን በዚያው ታብ ውስጥ ወስነውታል፣ ሲደጋገምም "ከዚህ ገጽ ሌላ ሳጥን አታሳይ" የሚል አማራጭ ያወጣሉ። ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ አልዘጋም ካለ ክሮም ውስጥ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ የሚከፈት ዝርዝር አለ፤ ከዚያ ያንን ታብ ብቻ መርጦ መግደል ይቻላል።

በዚያው ታብ ወይስ በአዲስ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ሊንክ ነካችሁ፤ ገጹ የት ይከፈት? የድረ ገጽ ሠሪዎች ሊንክ ላይ "ታርጌት ብላንክ" የሚባል ምልክት ከጨመሩ በአዲስ ታብ ይከፈታል፣ ካልጨመሩ በዚያው። ብዙዎቹ ይጨምራሉ። ምክንያታቸው "አንባቢው ከእኛ ገጽ እንዳይወጣ" ነው። የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ጄኮብ ኒልሰን ይህንን ከትልልቅ ስህተቶች ተራ ያስቀመጠው በ1999 ነው፤ ምክንያቱ ዛሬም አልተለወጠም፦ አዲሱ ታብ ላይ የ"ተመለስ" ቁልፍ አይሠራም። አዲስ ታብ ያለፈ ታሪክ የለውምና። ታብ ምን እንደሆነ በደንብ የማያውቅ ሰው፣ ወላጆቻችንን ጨምሮ፣ ቁልፉ ሲሞትበት የሚያደርገው ብሮውዘሩን በሙሉ መዝጋት ነው። እናም "እንዳይወጣ" የተባለው አንባቢ ጨርሶ ወጣ።

ስክሪን ማየት ለማይችልና ገጹን በድምፅ አንባቢ ለሚከታተል ሰው ደግሞ ይብሳል፤ የነበረበት ቦታ ሳይነገረው ተለውጧል። የድርን መስፈርቶች የሚያወጣው ዳብሊው ስሪ ሲ ለተደራሽነት ካስቀመጣቸው መመዘኛዎች አንዱ እንዲህ ያለ ለውጥ በተጠቃሚው ጥያቄ ብቻ እንዲሆን ይጠይቃል። ሆኖም ይህ መመዘኛ ያለው በከፍተኛው ደረጃ ላይ ስለሆነ፣ ግዴታ ተደርጎ የሚወሰደው የመካከለኛው ደረጃ በሚበቃበት ቦታ ሁሉ ይታለፋል።

የሚገርመው አዲስ ታብ ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ከድሮም ነበረ። ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮል ተጭኖ ሊንኩን ጠቅ ማድረግ፣ ወይም በማውዙ የመሃል ጎማ መንካት፤ ስልክ ላይ ሊንኩን ተጭኖ መቆየት። ማለትም በዚያው ታብ የሚከፈት ሊንክ ለሁለቱም ዓይነት ሰው ይሠራል፤ በአዲስ ታብ እንዲከፈት የተገደደ ሊንክ ግን በዚያው እንዲከፈት የሚፈልገውን ሰው ምርጫ ያሳጣዋል። ከሁለቱ የቱ ቀድሞ መቀመጥ እንዳለበት ከዚህ ወዲያ ክርክር አያስፈልገውም።

ብሮውዘሮቹ ግማሽ መንገድ መጥተዋል። ሳፋሪ ላይ ከሊንክ የተከፈተ ታብ ውስጥ "ተመለስ" ብትሉ ታቡ ይዘጋና ወደ መጣችሁበት ይወስዳችኋል። ክሮምም አንድሮይድ ላይ እንዲሁ ያደርጋል፤ ኮምፒውተር ላይ ግን አያደርግም፣ ለምን እንደሆነ አጥጋቢ ምክንያት አላየሁም። ፋየርፎክስ ኮምፒውተር ላይ በአዲስ መስኮት ሊከፈት የነበረውን በታብ እንዲከፍት የሚያስመርጥ ቅንብር አለው። የትኛውም ግን "ድረ ገጹ ያለውን ተወው፣ ሊንክ ሁሉ በዚያው ታብ ይከፈት" የምትል አንዲት ግልጽ ምርጫ በፊት ለፊቱ አላስቀመጠም።

የተነጠለ ትንሽ መስኮት በእርግጥ የሚጠቅምበት ቦታ አለ። በጉግል አካውንት ሌላ ድረ ገጽ ላይ ስትገቡ የምትወጣው ትንሽ መስኮት ጥሩ ምሳሌ ናት፤ ከሥሯ ያለው ገጽ ሳይጠፋ፣ የጻፋችሁት ሳይሰረዝ፣ ማንነታችሁን አረጋግጣ ትዘጋለች። የይለፍ ቃል የምትጽፉባት ስለሆነች ግን የአድራሻ መስመሯ መታየቱ ግዴታ ነው። በአሁኖቹ ብሮውዘሮች እውነተኛ ፖፕ አፕ አድራሻውን መደበቅ አይችልም፣ ከ100 በ100 ፒክስል ማነስም አይፈቀድለትም። አጭበርባሪዎች ለዚህም መላ አበጅተዋል፤ በገጹ ውስጥ የመስኮት ሥዕል ይሥላሉ፣ ከነአድራሻ መስመሩ፣ ከነቁልፍ ምልክቱ። መለያው ቀላል ነው። መስኮቱን ይዛችሁ ከብሮውዘሩ ጠርዝ ውጭ ለመጎተት ሞክሩ፤ እውነተኛው ይወጣል፣ ሥዕሉ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ይቆረጣል። ስልክ ላይ ይህ ሙከራ አይሠራም፣ ምክንያቱም ስልክ ላይ መስኮት የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ታብ ሆኖ ነው የሚከፈተው። ስለዚህ ስልክ ላይ የ"ትንሽ መስኮት" ቅርጽ ካያችሁ ያ ራሱ የሐሰት ምልክት ነው።

አዲሱና አሮጌው ታብ የሚገናኙበት

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ድሮ በ"ታርጌት ብላንክ" የተከፈተ ገጽ የከፈተውን ገጽ በጀርባ ሊቆጣጠር ይችል ነበር፤ ይዘቱን ማንበብ ባይችል እንኳ ወደ ሌላ አድራሻ ሊመራው ይችላል። ተንኮሉ እንዲህ ነው። ኢሜይል እያነበባችሁ ሊንክ ነካችሁ፤ አዲስ ታብ ተከፈተ። እናንተ እሱን ስታነቡ የኢሜይሉ ታብ በጀርባ ወደ ሐሰተኛ የኢሜይል መግቢያ ተለወጠ። ስትመለሱ "ድጋሚ ይግቡ" ይላችኋል። ቅድም እዚያው እንደነበራችሁ ስለምታውቁ አትጠራጠሩም፣ የይለፍ ቃሉን ትጽፋላችሁ።

መከላከያው "ኖኦፕነር" የምትባል ቃል ነበረች፤ ሠሪው በየሊንኩ ላይ መጨመር ነበረበት። እርግጥ አብዛኛው አልጨመረም። በመጨረሻ ብሮውዘሮቹ ራሳቸው ነባሪ አደረጉት፣ ማለትም ሠሪው ባይጽፋትም የምትሠራ ሆነች፤ ሳፋሪ በ2019፣ ፋየርፎክስ በ2020፣ ክሮም በጃንዋሪ 2021። ብሮውዘር እንዴት መሥራት እንዳለበት ከተጠየቅኩ የምጠቅሰው ይህንን ነው። አደጋው የሚወገደው ሚሊዮን ሠሪዎች ሲመከሩ ሳይሆን ነባሪው ሲቀየር ነው፤ ግንኙነቱን ከልቡ የሚፈልግ ጥቂት ሠሪ ደግሞ በግልጽ ጽፎ ሊያስፈቅድ ይችላል።

መስኮቱ ሲከለከል

ፖፕ አፕ መስኮት ሲታገድ ማስታወቂያው ገጹ ውስጥ ገባ። ዛሬ የሚያስመርረው "ይመዝገቡ"፣ "አፕሊኬሽናችንን ያውርዱ" የሚለው፣ ጽሑፉን ሸፍኖ የሚወጣው ሳጥን መስኮት አይደለም፤ የገጹ ክፍል ነው። ብሮውዘር ለእሱ ደንብ ማውጣት ይቸግረዋል፣ ምክንያቱም "እርግጠኛ ነዎት ይሰረዝ?" የሚለው ጠቃሚ ሳጥንም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። እዚህ የሠራው የገበያ ጫና ነው። ጉግል ከጃንዋሪ 2017 ጀምሮ ከፍለጋ የመጣን የስልክ ተጠቃሚ ወዲያው ይዘቱን በሳጥን የሚሸፍኑበትን ገጾች በፍለጋ ውጤቱ ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል አሳወቀ።

ሌላው ማምለጫ ኖቲፊኬሽን ነው፤ እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚጎዳበትም ይህ ይመስለኛል። ክሮም በ2015 ድረ ገጾች ለስልክ ኖቲፊኬሽን እንዲልኩ ሲፈቅድ ለዜናና ለመልእክት ታስቦ ነበር። ብዙም ሳይቆይ "ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ‹አላው› የሚለውን ይጫኑ" የሚሉ ገጾች መጡ። ሰው ይጫናል። ከዚያ በኋላ ብሮውዘሩ ተዘግቶም ቢሆን "ሽልማት አሸንፈዋል"፣ "ባትሪዎ ተበላሽቷል" እያለ ቀኑን ሙሉ ይልካል። ባለስልኩ ስልኬ ቫይረስ ገባበት ብሎ ፎርማት ያስደርጋል፣ ፎቶውን ሁሉ ያጣል። ፋየርፎክስ በጃንዋሪ 2020 ሰው ገጹን ሳይነካ ፈቃድ መጠየቅን ከለከለ፤ ክሮም ከወር በኋላ ጥያቄውን ድምፅ አልባ የሚያደርግ አሠራር አመጣ። ስልካችሁ ላይ ቀድሞ የተፈቀደውን ግን ራሳችሁ ማጥፋት አለባችሁ፦ ክሮም ውስጥ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች፣ ከዚያ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንስ። የፈቀዳችኋቸው ገጾች ዝርዝር ይወጣል፤ የማታውቁትን እየነካችሁ አጥፉ። ፎርማት አያስፈልግም።

ስልክ ላይ ታብ ለምን ይሞታል?

ከላይ ክፍያ በስልክ ሲሆን አዲስ ታብ ባይከፈት ይሻላል ያልኩበት ምክንያት ይህ ነው። አነስተኛ ሚሞሪ ያለው ስልክ ብዙ ታብ በሕይወት ማቆየት አይችልም። ከፊት ያለው ሲከብድ ከጀርባ ያሉት ይጣላሉ፤ ስትመለሱ እንደገና ከኢንተርኔት ይጫናሉ። አሁን የትኬቱ ገጽ በአንድ ታብ፣ ክፍያው በሌላ ታብ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ ደግሞ በኤስኤምኤስ ይመጣል። ደንበኛው ቁጥሩን ሊያይ ወደ መልእክት ሳጥኑ ሲሄድ ብሮውዘሩ በሙሉ ወደ ጀርባ ገባ። ሲመለስ የክፍያው ታብ ደግሞ ሲጫን፣ ቁጥር መጻፊያዋ ባዶ ሆና፣ አንዳንዴም ክፍያው ከመጀመሪያው እንዲጀመር ሲጠይቅ ያገኘዋል። ከፍሎ ቢጨርስ እንኳ ውጤቱን የሚጠብቀው አሮጌው ታብ ተጥሎ ሊሆን ይችላል።

ከፌስቡክ ወይም ከቲክቶክ ሊንክ ስትነኩ የሚከፈተው ደግሞ የራሱ የአፕሊኬሽኑ ትንሽ ብሮውዘር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ታብ የሚባል ነገር የለውም። አዲስ መስኮት የሚጠይቅ ገጽ እዚያ ውስጥ ወይ ያለውን ገጽ ይደመስሳል ወይ ምንም አይሆንም። ጉግል ከ2017 ጀምሮ በአፕሊኬሽን ውስጥ ከተከተቱ እንዲህ ካሉ ብሮውዘሮች በጉግል አካውንት መግባትን ከልክሏል፤ አፕሊኬሽኑ የምትጽፉትን የይለፍ ቃል ማየት ስለሚችል። ስለዚህ ለመግባት ወይም ለመክፈል ስትፈልጉ ከላይ ያለውን ምልክት ነክታችሁ "በብሮውዘር ክፈት" የሚለውን ምረጡ።

ድረ ገጽ ለምትሠሩ ደግሞ፦ ሊንኩን በዚያው ታብ ተዉት። አዲስ ታብ የሚያስፈልገው ሰውየው ግማሽ የሞላው ፎርም እያለ የእገዛ ጽሑፍ ወይም የውል ዝርዝር ሊያይ ሲፈልግ ነው፤ ያኔም ከሊንኩ አጠገብ "በአዲስ ታብ ይከፈታል" ብላችሁ ጻፉለት። የሞላውን ፎርም ደግሞ በየጊዜው አስቀምጡለት፣ ታቡ ተጥሎ ሲመለስ ከጀመረበት እንዲቀጥል።